ፕሮፌሰር አውጉስት ቢር፤ የደምን ጉዞና የሕመምን መንገድ ያጠኑ ሐኪም

በአዲስ አበባ ምሥራቅ፣ ከየካ ተራራ ግርጌ አንሥቶ በመገናኛና በገርጂ በኩል እስከ ቦሌ ድረስ ባሉት ሆስፒታሎች ውስጥ የሚሠራ ሰመመን ሰጪ ሁሉ ቢር ብሎክ የሚባለውን ዘዴ ቢያንስ በስም ያውቀዋል። ይኸውም የክንድ አጥንቱ የተሰበረ ሰው ሙሉ ሰመመን ሳይሰጠው፣ ክንዱ በቱርኒኬት ታስሮ መድኃኒት በደም ሥሩ ገብቶለት፣ ዐይኑ እያየ ስብራቱ የሚቃናበት ዘዴ ነው። ስሙ ዘወትር ይጠራ እንጂ ባለስሙ ማን እንደ ነበሩ፣ በምን እንደ ደከሙና በምን እንደ ሳቱ የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ይልቁንም ዛሬ በጣት ላይ በምትሰካ ትንሽ መሣሪያ የደምን ፍሰት ለክቶ ማደንዘዣው መያዝ አለመያዙን አስቀድሞ ለማወቅ በሚጣርበት ጊዜ፣ የደምን ጉዞና የማደንዘዣን ነገር ጎን ለጎን ያጠኑትን የፕሮፌሰር አውጉስት ቢርን ሕይወት መመርመር ለሙያው ባልደረቦች የሚጠቅም ይሆናል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አውጉስት ቢር ኖቬምበር 24 ቀን 1861 ዓ.ም. በጀርመን ሀገር፣ በቫልዴክ ግዛት፣ ሄልዘን በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የመሬት ቀያሽ ነበሩ። ቢር በበርሊን፣ በላይፕዚግና በኪል ዩኒቨርሲቲዎች የሕክምና ትምህርታቸውን ከተከታተሉ በኋላ በባልቲክ ባሕር ጠረፍ አጠገብ ባለው የኪል ዩኒቨርሲቲ የፕሮፌሰር ፍሪድሪኽ ፎን ኤስማርክ ረዳት ሆነው የቀዶ ሕክምና ሥራ ጀመሩ። ኤስማርክ በጦር ሜዳ ሕክምና የታወቁ ሰው ሲሆኑ፣ በ1873 ዓ.ም. እግርን ወይም ክንድን ከጫፉ ጀምሮ ወደ ላይ በላስቲክ ፋሻ በመጠቅለል ደሙን ገፍቶ ማስወጣትን፣ ከዚያም በላይኛው በኩል አጥብቆ በማሰር ደም በሌለበት ሥጋ ላይ መቅደድን ያስተማሩ ናቸው። ወጣቱ ቢር የደምን ነገር መመርመር የጀመሩት በዚህ ፋሻ አጠገብ ቆመው ነበር።

ማሰሪያው በሚፈታበት ጊዜ ሌሎች ሐኪሞች የሚመለከቱት የሚደማውን የደም ሥር ለመቋጠር ብቻ ነበር። ቢር ግን ከዚያ አልፎ ቆዳውን ተመለከቱ። ደም ተከልክሎ የቆየው እጅ ወይም እግር ማሰሪያው ሲፈታ ወደ ቀድሞው መልኩ በመመለስ ፈንታ ከቀድሞው ይበልጥ ይቀላል፤ ይሞቃል፤ ጥቂት ቆይቶም ወደ ልኩ ይመለሳል። ከዚህም በመነሣት የተራበ ሥጋ ደምን ወደ ራሱ የሚጠራበት ችሎታ እንዳለው ተረዱ፤ በ1897 ዓ.ም. ባወጡት ጥናትም ዋናው የደም ሥር በተዘጋ ጊዜ ደም በጎን በኩል እንዴት መንገድ እንደሚያበጅ አስረዱ። ዛሬ ይህ የደም መብዛት ሪአክቲቭ ሃይፐሪሚያ ተብሎ በትምህርት መጻሕፍት ይገኛል።

ቢር በዚህ ብቻ አላቆሙም። የደም መብዛት ራሱ መድኃኒት ሊሆን ይችላል ብለው፣ መገጣጠሚያቸው በነቀርሳ በተያዘ ሕመምተኞች ላይ ከቁስሉ በላይ በመጠኑ እያሰሩ ደም እንዲከማች ማድረግን ሕክምና አደረጉት፤ በ1903 ዓ.ም. ያሳተሙት ስለዚሁ ጉዳይ የሚናገር መጽሐፍም ስማቸውን ከሀገራቸው ውጭ አሳወቀ። በኋላ ዘመን ነቀርሳን የሚገድሉ መድኃኒቶች ሲገኙ ይህ ሕክምናቸው ቀረ። ከእርሱ የተረፈው ትልቁ ነገር፣ የደም ፍሰት መጨመርና መቀነስ የአካልን ውስጣዊ ሁኔታ የሚናገር ምልክት መሆኑን ማስተዋላቸው ነው።

በዚያን ዘመን ሰመመን የሚባለው ኤተርና ክሎሮፎርም ነበር። ሁለቱም ከ1840ዎቹ ዓመታት ጀምሮ የታወቁ ቢሆኑም ሕመምተኛው በጠረጴዛው ላይ እንዳለ የሚሞትበት ጊዜ ጥቂት አልነበረም። ስለዚህ የሰውን አእምሮ ሳያስተኙ የሚቀደደውን አካል ብቻ ማደንዘዝ የብዙዎች ምኞት ሆነ። በ1884 ዓ.ም. በቪየና ካርል ኮለር ኮኬይን ዐይንን እንደሚያደነዝዝ አሳየ። በሚቀጥለው ዓመት በኒውዮርክ ጄምስ ሌናርድ ኮርኒንግ ኮኬይንን በአከርካሪ አጥንቶች መካከል በመርፌ ሞከረ። በ1891 ዓ.ም. ደግሞ እዚያው ኪል የሚያስተምሩት ሃይንሪኽ ክዊንከ በወገብ በኩል መርፌ አስገብቶ ኅብለ ሰረሰርን ከከበበው ፈሳሽ መቅዳትን በሥርዓት አስተማሩ። ቢር እነዚህን የተለያዩ ዕውቀቶች በአንድ መርፌ ላይ አገናኟቸው።

ኦገስት 16 ቀን 1898 ዓ.ም. የቁርጭምጭሚት መገጣጠሚያው በነቀርሳ የተበላ የ34 ዓመት የቀን ሠራተኛ ለቀዶ ሕክምና ቀረበ። ቢር በክዊንከ ዘዴ መርፌውን በወገቡ አስገብተው ከመቶ እጅ ግማሽ የሆነ ኮኬይን 3 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም 15 ሚሊ ግራም ሰጡት። ሰውየው ነቅቶ እያለ ያለ ሕመም ተቀደደለት። ነገር ግን በኋላ ትውከትና ብርቱ ራስ ምታት ያዘው። ከእርሱ በኋላ በተከተሉት ሕመምተኞችም ማደንዘዣው ቢሠራ እንኳ ከመካከላቸው ብዙዎቹ በራስ ምታትና በትውከት ተሠቃዩ። ቢር ስድስት ሰዎችን ካደነዘዙ በኋላ፣ ይህ መከራ ከመድኃኒቱ ይምጣ ከመርፌው ሳይለዩ ሌላ ሕመምተኛ መንካት እንደማይገባ ቈርጠው ሙከራውን በራሳቸው ላይ ለማድረግ ወሰኑ።

ኦገስት 24 ቀን ማታ ረዳታቸው ዶክተር አውጉስት ሂልደብራንት መርፌውን በአለቃቸው ወገብ ላይ ተከሉ። ይሁን እንጂ የመርፌውና የሲሪንጁ አፍ አልገጥም ብሎ ኮኬይኑ ከሞላ ጎደል ፈሰሰ፤ ከኅብለ ሰረሰሩ ዙሪያ ያለው ፈሳሽም በብዛት ወጣ። የቢር ገላ እምብዛም ሳይደነዝዝ ሙከራው ተቋረጠ። በዚህ ጊዜ ሂልደብራንት ራሳቸውን አቀረቡ፤ ቢርም መርፌውን ወጉ፤ በእርሳቸው ላይ ግን ተሳካ። ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ በደቂቃ እየተለካ ተጻፈ። በሰባተኛው ደቂቃ በጭን ላይ የመርፌ ውጋት እንደ ግፊት ብቻ ይሰማ ነበር። ቀጥሎም ቆዳቸው በትንሹ ተቀደደ፤ መርፌ እስከ ጭን አጥንት ድረስ ገባ፤ የሚነድ ሲጋራ እግራቸው ላይ ተደረገ፤ ቅልጥማቸው በብረት መዶሻ ተመታ፤ ለጽሑፍ በማይመች ስፍራ ሳይቀር ተጨመቁ፤ ሕመምም አልተሰማቸውም። በደረታቸው ላይ ያለው ፀጉር ሲጎተት ግን አመማቸው። ከሦስት ሩብ ሰዓት በኋላ ስሜታቸው ተመለሰ።

ሁለቱም በዚያ ምሽት ደስ ብሏቸው እራት በልተው፣ ወይን ጠጥተውና ሲጋራ አጭሰው ተለያዩ። በነጋው ግን የደስታው ዋጋ መጣ። ቢር ራስ ምታቱ ስለ ጸናባቸው ዘጠኝ ቀን ያህል በአልጋ ላይ ዋሉ፤ በተጋደሙ ጊዜ ሕመሙ የሚለቅ፣ በተነሡ ጊዜ የሚመለስ ነበር። ሂልደብራንትም ለሳምንታት ታመሙ፤ እግራቸውም በመዶሻው በልዞ ሰነበተ። በ1899 ዓ.ም. ቢር ሙከራውን ሲያሳትሙ መድኃኒቱ ያልደረሳቸው እርሳቸው ራሳቸው ይህን ያህል መታመማቸውን በማመዛዘን፣ የራስ ምታቱ ምክንያት ምናልባት የፈሳሹ መፍሰስ ሳይሆን አይቀርም ብለው ገመቱ። ከመቶ ዓመት በኋላም ይህ ግምት ትክክል ሆኖ ይገኛል፤ ዛሬ ቀጫጭን መርፌዎች የሚመረጡበት ምክንያትም ይኸው ነው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ለሙያው ሰው የሚከብድ ነገር አለ። ሂልደብራንት በፈቃዳቸው ቢቀርቡም የአለቃቸው ረዳት ነበሩ፤ የተመታውም የእርሳቸው ቅልጥም ነው፤ ክብሩ ግን በአብዛኛው ለቢር ሆነ። ውሎ አድሮ በሁለቱ መካከል ቅሬታ ገባ፤ ሂልደብራንትም የመጀመሪያነት ክብሩ ለአሜሪካዊው ለኮርኒንግ ይገባል ከሚሉት ወገን ተሰለፉ። ስለ ማን ቀዳሚነት የሚደረገው ክርክር ለታሪክ ጸሐፊዎች ይተው ቢባል እንኳ፣ በአለቃና በረዳት መካከል የሚሰጥ ፈቃድ ምን ያህል ነጻ ነው የሚለው ጥያቄ ዛሬም በየሆስፒታሉ የሚነሣ ነው። ለቢር የሚመሰገነው፣ ዘዴው እንደ ቴዎዶር ቱፊዬ ባሉ ሐኪሞች አማካይነት በፓሪስና በሌሎች ከተሞች ሲስፋፋ፣ እርሳቸው ራሳቸው ገና አልበሰለም እያሉ መገሠጻቸው ነው።

ቢር በ1899 ዓ.ም. በግራይፍስቫልት፣ በ1903 ዓ.ም. በቦን ፕሮፌሰር ሆኑ፤ በ1907 ዓ.ም. ደግሞ የታዋቂው የኤርንስት ፎን በርግማን ተተኪ ሆነው ወደ በርሊን ተጠሩ። በነዚሁ ዓመታት አዲስ አበባም ከዘመናዊ ሕክምና ጋር ትተዋወቅ ነበር። ቢር የመጀመሪያውን ሕመምተኛ በወገቡ ከማደንዘዛቸው ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1896 ዓ.ም.፣ የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች የዓድዋን ቁስለኞች ለማከም ወደ ከተማይቱ ገብተው ነበር፤ በዛሬው የካ ክፍለ ከተማ የሚገኘው የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታልም የተቋቋመው በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ነው።

በበርሊን ቢር ወደ ኤስማርክ ፋሻ ተመለሱ። በ1905 ዓ.ም. አካባቢ ከኮኬይን ይልቅ ጉዳቱ የቀለለ ፕሮኬይን፣ በንግድ ስሙ ኖቮኬይን፣ ወደ ሕክምና ገብቶ ነበር። ኤፕሪል 22 ቀን 1908 ዓ.ም. ለጀርመን የቀዶ ሐኪሞች ጉባኤ አዲሱን ዘዴያቸውን አቀረቡ። በመጀመሪያ ክንዱ ከጣት ጀምሮ ተጠቅልሎ ደሙ ይወጣል፤ ቀጥሎ ከክርን በላይና በታች ሁለት ማሰሪያ ይደረጋል፤ በመካከላቸው ባለው ደም መልስ ሥር ፕሮኬይን ይገባል። በሁለቱ ማሰሪያዎች መካከል ያለው ሥጋ ወዲያው ይደነዝዛል፤ ከታችኛው ማሰሪያ በታች ያለው ደግሞ ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ይከተላል። እንዲህም ሆኖ፣ ደም የሚመላለስባቸው ሥሮች ደም በሌለበት ሰዓት መድኃኒትን ወደ ነርቭ የሚያደርሱ መንገዶች ሆኑ።

ዘዴው ደም መልሱን በቀዶ ማውጣት ይጠይቅ ስለ ነበረ ለብዙ ጊዜ ተረስቶ ቆየ። በ1963 ዓ.ም. የኒው ዚላንዱ ሐኪም ሆምስ በሊዶኬይን አሠርቶ ስላሳየ ዳግመኛ ተነሣ፤ ለድንገተኛ ስብራት የሚመች፣ ብዙ መሣሪያ የማይጠይቅ ሆኖም ተስፋፋ። ቀላልነቱ ግን አታላይ ነበር። ቡፒቫኬይን የሚባለው ልብን አጥብቆ የሚጎዳ መድኃኒት ለዚህ ሥራ በመዋሉና ማሰሪያው ያለ ጊዜው በመላላቱ በ1980ዎቹ መጀመሪያ በብሪታንያ ሰዎች መሞታቸው ተመዘገበ። ከዚያ ወዲህ ቡፒቫኬይን ለቢር ብሎክ አይሰጥም፤ ቀዶው ቶሎ ቢያልቅ እንኳ መድኃኒቱ ከገባ ቢያንስ 20 ደቂቃ ሳይሞላ ማሰሪያው አይፈታም። የፕሮፌሰሩ የመጀመሪያ ትምህርት እዚህ ላይ ይታወሳል፤ ማሰሪያው ሲፈታ ደም ከወትሮው በዝቶ ይሮጣል፤ ሥጋው ውስጥ የቀረውን መድኃኒትም ይዞ ወደ ልብ ይመለሳል።

ቢር ማደንዘዣው መያዙን የሚያውቁት በመዶሻና በመርፌ፣ በሕመምተኛውም መልስ ነበር። ይህ መንገድ ዛሬም አልቀረም፤ ጉድለቱ ግን ግልጽ ነው። ሕፃን ልጅ፣ ቋንቋው ከሐኪሙ ቋንቋ የማይገጥም ሰው፣ አእምሮው የደከመ ሽማግሌ ወይም ማረጋጊያ የወሰደ ሕመምተኛ የተጠየቀውን በትክክል አይመልስም። የፈራ ሰው ያልተሰማውን ሕመም ተሰማኝ ሊል፣ ያፈረ ሰውም የተሰማውን ሊደብቅ ይችላል። ስለዚህ የሕመምተኛውን አፍ ሳይጠብቁ የሚናገር ምልክት ይፈለግ ነበር፤ የተገኘውም ቢር በወጣትነታቸው ሲመለከቱት በነበረው በደም ፍሰት ውስጥ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማደንዘዣ ወደ ነርቭ ሲደርስ ቀድመው ከሚዘጉት መካከል የደም ሥሮችን የሚያጠብቡት ሲምፓቴቲክ የሚባሉ ቀጫጭን የነርቭ ክሮች ይገኙበታል። እነርሱ ሲዘጉ የደም ሥሮች ይላላሉ፤ እጁ ይሞቃል፤ የሚያልፍበትም ደም ይጨምራል። በጣት ላይ የሚደረገው ፐልስ ኦክሲሜትር ይህን ጭማሪ በቁጥር ሊያሳይ ይችላል። መሣሪያው በጣት ውስጥ ከሚያሳልፈው ብርሃን በልብ ምት ልክ ከፍ ዝቅ የሚለውን ክፍል ከማይለዋወጠው ክፍል ጋር ያነጻጽርና ፐርፊውዥን ኢንዴክስ የሚባል ቁጥር ይሰጣል። በ2006 ዓ.ም. የወጣ ጥናት በክንድና በእግር ነርቭ ላይ በተሰጠ ማደንዘዣ ይህ ቁጥር የመሳካቱ የታመነና ፈጣን ምልክት መሆኑን አሳየ። በ2017 ዓ.ም. የካይሮ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ከአንገት አጥንት በላይ በሚሰጠው የክንድ ማደንዘዣ ላይ ባደረጉት ጥናት፣ ቁጥሩ በ10 ደቂቃ ውስጥ ከመነሻው 1.4 ጊዜ በላይ ማደጉ ማደንዘዣው መያዙን እንደሚያመለክት ጻፉ። በወገብ በሚሰጠው ማደንዘዣም በ2013 ዓ.ም. የታተመ ጥናት ለምጥ ቀዶ በቀረቡ እናቶች ላይ መነሻ ቁጥሩ ከ3.5 በላይ የሆነባቸው የደም ግፊታቸው ሊወርድ የሚችል መሆኑን አመለከተ። እነዚህ ቁጥሮች በጥቂት ሕመምተኞች ላይ የተገኙ ስለ ሆኑ እንደ ሕግ ሳይሆን እንደ መንገድ አመልካች መታየት አለባቸው።

ለኢትዮጵያ ባለሙያ ደግሞ በዚህ ላይ የሚጨመር ነገር አለ። ቢር የደምን መመለስ ያነበቡት በነጭ ቆዳ ላይ በሚታይ ቅላት ነው። በጠቆረ ቆዳ ላይ ያ ቅላት እንዲያ ጎልቶ አይታይም፤ ስለዚህ የእጅ ሙቀትን መዳሰስና መሣሪያው የሚሰጠውን ቁጥር መከታተል ከዐይን ይልቅ ይታመናል። መሣሪያውም ቢሆን ከስሕተት የራቀ አይደለም፤ በጠቆረ ቆዳ ላይ የኦክስጅንን መጠን ከእውነተኛው አብልጦ ሊያሳይ እንደሚችል በጥናት ተረጋግጧል። በክረምት ጧት ከብርድ የገባ ሕመምተኛ ጣቱ ቀዝቅዞ መነሻ ቁጥሩ ዝቅ ያለ ይሆናል። ስለዚህ ቁጥሩ መነጻጸር ያለበት ከሌላ ሰው ቁጥር ጋር ሳይሆን ማደንዘዣው ከመሰጠቱ በፊት በዚያው ጣት ላይ ከተገኘው ጋር ነው፤ እርሱም በመዝገብ ሊጻፍ ይገባል። በቢር ብሎክ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ማሰሪያው በሚገባ ከጠበቀ በጣት ላይ የሚታይ የደም ምት ሊኖር አይገባም፤ ምቱ ከታየ ማሰሪያው ደም እያሳለፈ ነውና መድኃኒቱን መስጠት አደገኛ ነው።

ቢር ከሙያቸው ውጭም ብዙ ሠርተዋል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት በጥቃቅን የቦምብ ፍንጣሪ ራሳቸው የሚፈነዳ ወታደሮችን ተመልክተው፣ ከኢንጂነር ፍሪድሪኽ ሽቬርት ጋር በመተባበር በ1916 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለውን የብረት ቁር እንዲሠራ አደረጉ። በ1920 ዓ.ም. በበርሊን የተከፈተው የጀርመን የአካል ማጎልመሻ ከፍተኛ ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ሬክተር ሆኑ። በ1925 ዓ.ም. ሆሚዮፓቲ ያለ ምርመራ ሊጣል አይገባም ብለው በመጻፋቸው ከሙያ ጓደኞቻቸው ብርቱ ተቃውሞ ደረሰባቸው። በ1932 ዓ.ም. ከዩኒቨርሲቲ ሥራቸው ተሰናበቱ።

ከዚህ በኋላ ያለው የሕይወታቸው ክፍል ጥላ ያጠላበት ነው። ሂትለር ጀርመኖች የኖቤልን ሽልማት እንዳይቀበሉ ከከለከለ በኋላ በምትኩ ያቆመውን ብሔራዊ የሥነ ጥበብና የሳይንስ ሽልማት ቢር በ1937 ዓ.ም. ከፈርዲናንት ዛወርብሩኽ ጋር ተቀበሉ። ያ ዓመት ለአዲስ አበባ የየካቲት 12 ዓመት ነው፤ የሂትለር ወዳጅ የነበረው የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር የከተማይቱን ሕዝብ በጨፈጨፈበት ጊዜ፣ ከመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ዘመናዊ ሐኪሞች ዋነኛ የሆኑት የሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ሁለት ወንዶች ልጆችም ተገድለዋል። ሰውን ከሕመም ለማዳን ራሱን ለመርፌ የሰጠ ሐኪም ከእንዲህ ያለ መንግሥት እጅ ክብር መቀበሉን ኢትዮጵያዊ አንባቢ ሳያዝን አያልፈውም። የሠሩት መልካም ነገር ይህን አይፍቀውም፤ ይህም የሠሩትን መልካም ነገር አያጠፋውም፤ ሁለቱም በአንድ ሰው መዝገብ ላይ ተጽፈው ይኖራሉ።

ቢር የሽምግልና ዘመናቸውን ያሳለፉት በብራንደንቡርግ በምትገኘው በዛወን ነው። በ1912 ዓ.ም. እዚያ የገዙት መሬት አሸዋማና የተራቆተ፣ አንድ ዓይነት የጥድ ዛፍ ብቻ የበቀለበት ነበር። ቢር ሰፋፊ ቅጠል ያላቸውን ዛፎች ከጥዱ ጋር፣ ሥራቸው ጠልቆ የሚሄደውንም ከሚሳበው ጋር አቀላቅለው በመትከል አፈሩ እንዲያገግም አደረጉ። ተቃራኒዎች ተስማምተው ሕይወትን ያጸናሉ የሚለውን ሐሳብ ከጥንቱ የግሪክ ፈላስፋ ከሄራቅሊጦስ የወሰዱት ነበር። ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ በባሕር ዛፍ ብቻ ተሸፍኖ የኖረውን የየካን ተራራ የሚያውቅ፣ በእንጦጦም ጽድና ኮሶን ለመመለስ የሚደረገውን ጥረት የተመለከተ ሰው የድካማቸውን ትርጉም በቀላሉ ይረዳዋል።

አውጉስት ቢር ማርች 12 ቀን 1949 ዓ.ም. በ87 ዓመታቸው በዛወን ዐረፉ፤ በተከሉትም ደን ውስጥ ተቀበሩ። ደኑ እስከ ዛሬ ቆሞ ይታያል። ለሙያው ባልደረቦች የተዉት ውርስ ደግሞ በየቀዶ ሕክምናው ክፍል ነው። ማሰሪያ ከመፍታቱ በፊት ሰዓቱን የሚመለከት፣ መርፌ ከመውጋቱ በፊት የጣቱን መነሻ ቁጥር የሚጽፍ፣ ቁጥሩ ከፍ ካለም በኋላ ቢላዋው ከመነሣቱ አስቀድሞ ሕመምተኛውን ራሱን የሚጠይቅ ሰመመን ሰጪ፣ ፕሮፌሰሩ በዘጠኝ ቀን የአልጋ ሕመም የተማሩትን ጥንቃቄ በየዕለቱ ሥራው ላይ ያውለዋል።